«ለማን ነው?»

እህቴ የደወለችው ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የደንበኛው ሰልፍ ይሳሳል፤ በሩ ገርበብ ይላል፤ ገንዘብ ከፋዩ የዕለቱን ብር በየዓይነቱ ለይቶ፣ በመቶ በመቶ አስሮ፣ ኮምፒዩተሩ ከሚለው ቍጥር ጋር ያመሳክራል። ከገጠመ ወደ ቤት ነው። ካልገጠመ ደግሞ… የጐደለው ከገዛ ኪስ ይሞላል። ስልኬ ሲንቀጠቀጥ በጣቶቼ መካከል ባለ መቶ ብር ኖት እየተቈጠረ ነበር። ስልሳ ሦስት ላይ ደርሻለሁ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ፋርማሲ ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ? ቅጹ የሚመለሰው ዓርብ ነው።»

ስልሳ ሦስቱ ጠፋብኝ። እንደ ገና ከአንድ ጀመርሁ።

እህቴ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰደችው በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተነው ተማሪ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ስድስት እንኳ አልሞላም፤ ስለዚህ ውጤቷ በታየበት ቀን ቤታችን የሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች፤ የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ጨረሰች፤ እነሆ የትምህርት ክፍል የሚመረጥበት ቀን ደረሰ። ውጤቷ ለሕክምና ትንሽ ይጐድላል፤ ለኢንጂነሪንግ ይተርፋል፤ ለፋርማሲ ልክ ነው። «ልክ ነው» ስትል ጫማ የለካች ትመስል ነበር።

አባታችን ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የትራንስፖርቷንና የኪሷን ገንዘብ የምልከው እኔ ነኝ። ስለዚህ የእኔ ምክር ምክር ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ትእዛዝ ነው። ይህን ስለማውቅ ምላሴን ያዝሁ። «እስከ ኀሙስ አስቤበት እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

እኔ ራሴ የእንዲህ ያለ ግማሽ ትእዛዝ ውጤት ነኝ። በእህቴ ዕድሜ ሳለሁ የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ልሙላ ብዬ አባቴን ስጠይቀው፣ የሚያነበውን ጋዜጣ ሳያጥፍ «በግጥም ጤፍ አይሸመትም» አለኝ። አካውንቲንግ ሞላሁ። የአባቴ ሒሳብ ስሕተት አልነበረበትም፤ ይኸው ጤፍ እየሸመትሁ ነው። ግጥሙንም አልተውሁትም፤ በተበላሹ የገንዘብ መውጫ ቅጾች ጀርባ ላይ እየጻፍሁ ቤት እወስደዋለሁ። ከእናንተ ጋርም የተዋወቅነው በእነዚያው ቅጾች ምክንያት ነው። ነገር ግን አባቴ ያን ቀን ጋዜጣውን አጥፎ አንዴ ቀና ብሎ ቢያየኝ ኖሮ እላለሁ፤ መልሱ ያው ቢሆን እንኳ።

*

እንግዲህ ስለ ፋርማሲ እኔ የማውቀው ከመስኮቴ የሚታየውን ነው። ከመስኮቴ ደግሞ ብዙ ይታያል።

በየማታው ሦስት አራት የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች የዕለቱን ሽያጭ ይዘው ይመጣሉ። የማን ምን ያህል እንደሆነ የሙያዬ ምስጢር ነውና አልናገርም። ሽታውን ግን መናገር ይፈቀድልኝ። የሥጋ ቤቱ ብር ቅባት አለው፤ የነዳጅ ማደያው ብር ራስ ያዞራል፤ የመድኃኒት ቤቱ ብር ግን ብርቱካን ብርቱካን የሚል የሕፃናት ሽሮፕ ሽታ አለው። ንጹሕ ነው፤ ብዙም ነው። ከእነዚህ ባለቤቶች መካከል ራሱ ፋርማሲስት የሆነው አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ ፋርማሲስት ይቀጥራሉ።

በወሩ መጨረሻ ደግሞ ተቀጣሪው ይመጣል። ነጭ ጋውኑን በፌስታል አጥፎ የያዘ፣ ከሌሊት ተረኝነት የወጣ፣ ዐይኑ የቀላ ወጣት። ደመወዙ በዚያው በገባበት ቀን ተጠራርጎ ይወጣል፤ ለቤት ኪራይ፣ ለወላጅ፣ ለዕቁብ። ይህ ሰው ኬሚስትሪውንና ባዮሎጂውን ጨርሶ፣ የመጨረሻውን ዓመት በሆስፒታል ክፍሎች እየተዘዋወረ ከታማሚ አልጋ አጠገብ ተምሮ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም የዲግሪ ተመራቂ የተደነገገውን የመውጫ ፈተና አልፎ፣ በዚያም ላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና ተፈትኖ ነው ከዚያ መስኮት ፊት የቆመው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው አቤት ብለው ሥራ ሲያቆሙ ብዙ ሰው ተገርሞ ነበር። ገንዘብ ከፋይ ግን የሚገረምበት ነገር አልነበረውም።

ወደ መስኮቱ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ዓመት በውጭ ንግድ ክፍል ሠርቻለሁ። የመድኃኒት አስመጪዎች የኤል ሲ ማመልከቻ በጠረጴዛዬ ላይ ያልፍ ነበር፤ «ያልፍ ነበር» ማለት ይከብዳል እንጂ፣ ይከርም ነበር። መድኃኒት በብሔራዊ ባንክ የቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን የቅድሚያም ሰልፍ ሰልፍ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ከሌለ የፊተኛውም የኋለኛውም እኩል ይቆማል። ከእነዚያ ፋይሎች አንዱ የኢንሱሊን ነበር። ለእኔ ግን ቍጥር ነበር። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቀመጥ እንዳለበት፣ አንዱ ሕፃን ደግሞ ያለ እርሱ ሊያድር እንደማይችል ያኔ አላሰብሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። መድኃኒቱ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነውና ዋጋው ተከትሎ ሄደ። እንግዲህ እናት «ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም!» ብላ የምትጮኸው ማን ላይ ነው? በብሔራዊ ባንክ ላይ አይደለም። በእኔም ላይ አይደለም። ጋውን ለብሶ ከመደርደሪያው ፊት በቆመው ልጅ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ደንበኛ በየወሩ ለአንድ ሰው የማይለዋወጥ ገንዘብ ያስተላልፍ ነበር። «ሠራተኛህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሣቀ። «የግድግዳዬ ነው» አለኝ። ሰውየው የሚኖረው በሌላ ከተማ ነው፤ በመድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው በመስተዋት ተቀፍሮ የተሰቀለው የሙያ ፈቃዱ ብቻ ነው። ፈቃድ ማከራየት ይሉታል። ሕግ የሚፈቅደው ነገር አይደለም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። እኔም ያን ቀን ሣቅሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ሣቄ ነው።

*

ረቡዕ ማታ የሒሳብ ሰው እንደሚያደርገው አደረግሁ። በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ መስቀለኛ መስመር አሰመርሁና ከላይ «ፋርማሲ» ብዬ ጻፍሁ፤ በግራ ዴቢት፣ በቀኝ ክሬዲት። በአንዱ በኩል የትምህርቱ ርዝመት፣ የደመወዙ ማነስ፣ የሌሊቱ ተረኝነት፣ የነጋዴው ትእዛዝ፣ የግድግዳው ፈተና። በሌላው በኩል ደግሞ ሥራው ብዙ በር ያለው መሆኑ፦ ሆስፒታል አለ፤ የመንግሥት መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አለ፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተቈጣጣሪነት አለ፤ ሰው በጠዋት የሚሰለፍባቸው የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ ፋብሪካ አለ፤ አስመጪ አለ። ለእኔ ለሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ ደስ የሚል አንድ ነገር አለ፤ ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው የመድኃኒት ግብይት ሥርዐት። በዚያ ሥርዐት እያንዳንዱ ክኒን በደረሰኝ ገብቶ በደረሰኝ ይወጣል፤ ባንክ ቤት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ደምሬ ስቀንሰው ሚዛኑ ወደ «ይቅርብሽ» አጋደለ። ወረቀቱን አጠፍሁት። እንቅልፍ ግን አልመጣም። በወረቀቱ ላይ ያልመዘገብሁት አንድ ሒሳብ ነበረብኝ፤ እርሱንም ከሁለት ዓመት በላይ ደብቄው ኖሬአለሁ።

የእናታችን የልብ በር ከጠበበ ብዙ ዘመን ነው። በልጅነቷ ሳይታከም ካለፈ የጉሮሮ ሕመም የመጣ ነው ብለዋታል። የልቧ ምት ስለተዛባ ደም በውስጡ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች። ዋርፋሪን ጠባዩ ክፉ ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም አልቆም ይላል። ልኩ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው፤ ለእናታችን ከ2 እስከ 3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ይህ ክኒን ደግሞ ጎመን አይወድም፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ኀይሉን ያደክመዋል። በእኛ አገር ጎመን የሚበዛው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ በክትትል ቀኗ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት «እማማ፣ ጾም ገብቷል፤ ጎመኑ በየቀኑ ነው ወይስ አልፎ አልፎ?» ብላ ስትጠይቃት፣ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይቺ ደግሞ ነፍስ አባቴ ናት እንዴ?» አለችኝ።

በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ሆዷን ቍርጠት ያዛት። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ፍላጅል ልግዛላት ብዬ ወጣሁ፤ በእኛ ሰፈር ፍላጅል ሜትሮኒዳዞል መባሉን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ለሆድ መሆኑን ግን ሕፃኑም ያውቃል። ከሥራ መመለሴ ነበር፤ ከረባቴን አልፈታሁም። በሰፈራችን ካሉት ሁለት መድኃኒት ቤቶች ወደ ቅርቡ ገባሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማለች።

«ፍላጅል።»

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ።»

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የልብ አለ… ዋርፋሪን ይሁን ምን።»

ካርቶኑን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። «ይቅርታ፣ ይህን አልሰጥዎትም» አለችኝ። «ከዋርፋሪኑ ጋር ሲሆን ደማቸውን ከልክ በላይ ያቀጥነዋል። ሰገራቸውን ይመርመሩና ሐኪማቸው ይወስን። ከፈለጉ የሚነግሩትን በወረቀት ልጻፍልዎት።»

ምን ነካኝ? ደክሞኝ ነበር ልበል? «ስለ እናቴ አንቺ ልትነግሪኝ ነው?» አልኋት። ብዙ ሌላም ተናገርሁ፤ የዕቃ ቤት ሻጭ መሆኗን፣ ገንዘቤን ይዤ መምጣቴን። እርሷ አንድም ጊዜ ድምፅዋን አላነሣችም። የሚያስቀው ነገር፣ በዚያው ቀን ጠዋት እኔ ራሴ አንዲት ባልቴትን ፊርማቸው አልገጠመም ብዬ ከገዛ ገንዘባቸው ከልክያቸው ነበር። «ለእርስዎ ደኅንነት ነው፣ እማማ» ብያቸዋለሁ። ያውም በኵራት።

መንገዱን ተሻግሬ ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ገባሁ። እዚያ የተጠየቅሁት ሌላ ጥያቄ ነው። «ስንት ፍሬ?»

በስድስተኛው ቀን ሌሊት እናቴ ነስሯት አልቆም አለ። ክንዷና ጭኗ ማንም ሳይነካት በልዞ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ አይ ኤን አሯ ከ8 በላይ ሆኖ ተገኘ። ዋርፋሪኑን አቁመው ቫይታሚን ኬ ሰጧት፤ ሦስት ሌሊት ተኛች። እህቴ ያኔ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ በአስታማሚ ወንበር ላይ አደረች። በሁለተኛው ጠዋት ከሐኪሞቹ ጋር የሚዞረው ፋርማሲስት የአልጋውን ካርድ አገላብጦ፣ «አዲስ የጀመሩት መድኃኒት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ «ልጄ ያመጣልኝ የሆድ ነው» አለች። ወደ እኔ ዞረ።

«ከመድኃኒት ቤት ሲገዙ ማንም አላስጠነቀቀዎትም?»

«ማንም» አልሁ።

እህቴ አጠገቤ ነበረች። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዐረፍተ ነገር በአፏ ቀረ፤ «እኔ ብሆን እነግራቸው ነበር።» ጐረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ትለዋለች፤ እናቴ ክኒኗን ስትውጥ ትለዋለች፤ ለፈተናው ስታነብ በደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋው አግኝቻለሁ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህች ልጅ አሁን ፋርማሲ ልሙላ ወይ ብላ የምትጠይቀኝ በእኔ አንድ ቃል ውሸት ላይ ቆማ ነው። ማንም ያላስጠነቀቀበት ዓለም እንዳለ አምናለች፤ የሚያስጠነቅቀው ሰው ጐድሎ እርሷ የምትሞላው መስሏታል። ሰውየው ግን ነበረ። ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ነግራኛለች፤ የጐደለው ሰሚ ነው።

መድኃኒት የሚለው ቃል ሥሩ መዳን ነው፤ መድኃኔ ዓለም ስንልም ይህንኑ ነው። ይኸው ቃል ወደ ሰፈር ሲወርድ ደግሞ «መድኃኒት አቀመሰችው» ይባላል፤ ያን ጊዜ ወይ መርዝ ነው ወይ መተት። ግሪኮቹ «ፋርማኮን» የሚሉት፣ ፋርማሲም የወጣበት ቃል፣ እንዲሁ ሁለቱንም ነው፤ ፈውሱንም መርዙንም። አያቴ ኮሶ ስትጠጣ እፍኙን የምትለካላት ጐረቤት ነበረቻት፤ ራሷ አትለካም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቶ የነበረው ኮሷችን እንኳ ልኩን የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር። እኔ በከረባቴ ተማምኜ የሁለት ክኒኖች ለካፊ ሆንሁ።

*

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በመሆናችሁ አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። ኦ. ሄንሪን ሁላችንም በአጫጭር ታሪኮቹ እናውቀዋለን። እውነተኛ ስሙ ዊልያም ሲድኒ ፖርተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 በሰሜን ካሮላይና የፋርማሲስትነት ፈቃድ አወጣ፤ የተማረውም ከአጎቱ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ጀርባ ነው። ከዚያ ወደ ቴክሳስ ሄዶ በኦስቲን ከተማ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆነ። አዎን፣ እንደ እኔ። በሒሳቡ ላይ ጕድለት ተገኘ፤ ተከሰሰ፤ ወደ ሆንዱራስ ሸሸ፤ ሚስቱ በጠና ስትታመም ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ተፈርዶበት ኦሃዮ እስር ቤት ገባ። እዚያ ያቺ የጥንት ፈቃዱ አወጣችው፤ በእስር ቤቱ ሆስፒታል የሌሊት መድኃኒት አዳይ ተደረገ። ሌሊት መድኃኒት እያደለ፣ ፋታ ሲያገኝ ታሪክ እየጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲፈታ ደራሲ ሆኖ ወጣ። ኢብሰንም በወጣትነቱ የመድኃኒት ቤት ተለማማጅ ነበር፤ ኪትስም እ.ኤ.አ. በ1816 የቀማሚነት ፈቃድ ካወጣ በኋላ ለግጥም ሲል ትቶታል። እኔን የያዘኝ ግን ኦ. ሄንሪ ነው። ሁለቱንም መስኮት ያውቃል። በባንኩ መስኮት የጐደለበት ሰው በመድኃኒቱ መስኮት ሌሊቱን ሙሉ ሲለካ ያድራል። በዚያ ሌሊት ይህን ጻፍሁ፤ ገና ያልታረመ ነው፦

የሰው ገንዘብ ቈጥሬ ስገባ ከቤቴ፣
የሰው ዕድሜ ልትቈጥር ተነሣች እህቴ፤
የእኔ ጕድለት ማታ ይሞላል በብር፣
የእርሷ ጕድለት ማታ በምን ይቈጠር?

ኀሙስ በምሳ ሰዓት ሥራዬን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ ወደ ሰፈር በታክሲ ሄድሁ። ወደ ቅርቡ መድኃኒት ቤት። ምን እንደምላት በመንገድ ላይ ስደረድር ነበር፤ አንዱም አልጣመኝም። ስገባ የቆመው አንድ ወጣት ነው።

«እዚህ ትሠራ የነበረች ቀጭን ልጅ… ከሁለት ዓመት በፊት።»

«እርሷማ ለቅቃለች» አለኝ። «አሁን አንድ አስመጪ ጋ ናት። ሜዲካል ሪፕ ሆናለች፤ ሻንጣ ይዛ በየሐኪሙ ቢሮ ትዞራለች።»

«ለምን ለቀቀች?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ደመወዙ ይሻላል። ደግሞ እዚህ… ብዙ ሰው ይጣላት ነበር።»

አመስግኜ ልወጣ ስል «ምን ልስጥዎት?» አለኝ። ባዶ እጄን መውጣት አፈርሁና ፓራሲታሞል አልሁት። ሰጠኝ። መንገዱን ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት አጠገቡ ያለውን ሱቅ ጨምሮ ሰፍቷል፤ አዲስ የመብራት ማስታወቂያ አድርጎ በቀንም ያበራል።

*

ማታ ደወልሁላት። አስቀድሜ የገንዘቡን ነገርኋት፤ ከመስኮቴ ያየሁትን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ደመወዙን፣ ነጋዴውን፣ ግድግዳውን። «ሀብታም የሚሆኑት የሚሸጡት ናቸው እንጂ የሚለኩት አይደሉም» አልኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ይህን ቀድሞም ታውቀው ነበር፤ በግቢያቸው ያሉት የበላይ ተማሪዎች ነግረዋታል።

ከዚያ ሌላውን ነገርኋት።

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። «ሃሎ?» አልሁ።

«አለሁ።» ቈይታ፣ «ምን ብላ ነው እምቢ ያለችህ? ቃሉን ታስታውሰዋለህ?»

«‹ለማን ነው?› ብላ ጀመረች።» የቀረውንም እንዳለ ነገርኋት፤ የወረቀቱን ጭምር። የእኔንም ንግግር፣ ከሻጭነቷ እስከ ገንዘቤ።

«አሁን እዚያ ናት?»

«የለችም።» ሻንጣውን ነገርኋት። የሰፋውንም መድኃኒት ቤት አልደበቅሁም።

ረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከበስተ ኋላዋ የተማሪዎች ጫጫታ፣ የመመገቢያ አዳራሽ ሳህን ይሰማል። ሊያስለቅሳት ወይም ሊያስቈጣት ይችላል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ቁጣውን ተዘጋጅቼበታለሁ። እርሷ ግን፣

«ለእማዬ ነግረሃታል?» አለች።

«አልነገርኋትም።»

«ትነግራታለህ።» ጥያቄ አልነበረም። «ፋርማሲን በተመለከተስ፣ አንተ ይቅርብሽ ነው የምትለው?»

ግማሽ ትእዛዜ በአፌ ላይ ነበር። ወረቀቴ፣ ዴቢትና ክሬዲቴ በኪሴ ውስጥ ነበር። «እኔ ያየሁትን ነግሬሻለሁ» አልኋት። «የምትሞይው አንቺ ነሽ። ሞልተሽ የምታመጪውን የትምህርት ወጪ እኔ እችላለሁ፤ የትኛውም ቢሆን።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ገና በቈጠራ ሰዓት፣ መልእክት ገባልኝ። «ሞላሁ። አንደኛ ፋርማሲ፣ ሁለተኛ ሕክምና ላቦራቶሪ።» ከሥሩ ደግሞ፣ «የእማዬ አይ ኤን አር ስንት ሆነ?»

«2.4» ብዬ መለስሁላት። ያን ቀን ቈጠራው ገጥሞልኛል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቡና አፈላን። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ነገርኋት፤ እንደ ሕፃን፣ ዐይኔን ከረከቦቱ ሳላነሣ። ሲኒዋን በእጇ እንደያዘች ቆየች። ይቅር ትለኛለች ወይም ትረግመኛለች ብዬ አስቤ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

«ያቺ ልጅ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

አላውቅም አልኋት። ስሟንም አልጠየቅሁም።

«ጠይቅ እንጂ» አለችና ሲኒዋን ለሦስተኛው ዘረጋች።